ዳገቱን የሚያውቅ መስመር፦ በመሀል አዲስ አበባ በብስክሌት

ሰኞ

የመሀል አዲስ አበባን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው የብስክሌት መንገድ መምረጥ ቀላል ይመስለዋል። ሰፋፊዎቹን ጎዳናዎች በቀለም ማስመርና እርስ በርስ ማገናኘት ነው እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለው ያሰኛል። ካርታው የማያሳየው ዳገቱን ነው። ከተማዋ ከእንጦጦ ሥር ወደ ደቡብ እየተንሸራተተች የተቆረቆረች በመሆኗ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገድ ሁሉ ትንፋሽ ያስከፍላል፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ የመንገድ መሐንዲስ ከሆነች ባልደረባዬ ጋር ሆነን፣ ስለ ብስክሌት መስመሮችና ስለ ጋራ ብስክሌት (ከአንዱ ጣቢያ ተወስዶ በሌላው ስለሚመለስ የኪራይ ብስክሌት) ለሙያ ውይይት የምናቀርበውን ረቂቅ ከመጻፋችን በፊት፣ እያንዳንዱን ጎዳና በሥራ ሰዓትና በሥራ ልብስ በብስክሌት ሄደን ለማየት ወሰንን። የያዝናቸው ብስክሌቶችም ማንም ሠራተኛ ሊገዛቸው የሚችል ተራ ብስክሌቶች ናቸው።

መነሻችን ለገሃር ነበር። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ጣቢያ ፊቱን ወደ ቸርችል ጎዳና አድርጎ ስለቆመ፣ ከጣቢያው በር ቀና ብሎ ሲታይ ጎዳናው ቀጥ ብሎ እስከ ማዘጋጃ ቤት ይወጣል። እስከ ብሔራዊ ቴአትር ድረስ ያለው እግር አያስቸግርም። ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ሕንፃ አልፈን ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስንቃረብ ግን ማርሽ መቀነስ ጀመርን፤ ከዚያ በኋላ ያለው እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ንግግር የሚያስቆም ዳገት ነው።

ዳገት ላይ ያለ ብስክሌተኛ ከድካሙ ይልቅ የሚያሰጋው መዋዠቁ ነው። ብስክሌት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በሰዓት 6 እና 7 ኪሎ ሜትር ሲወጣ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ ይላል፣ የሚይዘውም ስፋት ሜዳ ላይ ከሚይዘው ይበልጣል። በዚያው ቅጽበት በጎኑ የሚያልፈው ሚኒባስ በሰዓት 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ባልደረባዬ ከፊቴ ስትወጣ ከኋላ ሆኜ አስተዋልኳት፦ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ብስክሌቷ አንድ ክንድ ያህል ወደ መኪናው መስመር ይወጣና ይመለሳል። አንድ ሚኒባስ በቀኝ በኩል ሊያቆም ሲጠመዝዝ ወያላው በመስኮት እጁን አውጥቶ ትከሻዋን ገፋ አደረጋት። በክፋት አልነበረም፤ «እህቴ፣ ወደ ዳር ያዢ» ማለቱ ነበር። ዳሩ ላይ ግን የቆመ መኪና ነበረ።

የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ በቆመበት በቴዎድሮስ አደባባይ አረፍን። ዋናውን መድፍ እስከ መቅደላ አምባ የጎተቱትን ሰዎች ማሰብ በዚህ ቦታ ለብስክሌተኛ ግዴታ ይመስለኛል።

ማክሰኞ

በዚያው ጎዳና ወረድን። ትናንት ሩብ ሰዓት የፈጀብንን ቁልቁለት ዛሬ ፔዳል ሳንረግጥ በጣም በአጭር ጊዜ ጨረስነው፤ ችግሩም ያ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ቁልቁለት ደግሞ በዚያ ላይ ይጨምራል። ርካሽ ብስክሌት ላይ ያለው ፍሬን የጎማውን ቸርኬ በላስቲክ የሚቆነጥጥ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ሲነካው መያዙን ያዘገያል።

በግማሽ መንገድ ቆመን አንድ የውሃ መውረጃ ክዳን ለካን። የብረት ዘንጎቹ የተደረደሩት በጉዞው አቅጣጫ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ደግሞ ሦስት ጣት ያስገባል። የመኪና ጎማ ከነመኖሩ አያስተውለውም፤ የብስክሌት ጎማ ግን እስከ ቸርኬው ገብቶ ይቆምና ነጂው ከፊት በኩል ይወረወራል። መፍትሔው አዲስ መንገድ መሥራት አይደለም፤ ክዳኑን አንስቶ ዘንጎቹ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር እንዲሻገሩ አዙሮ መግጠም ነው፤ የክዳኑ አራት ጎኖች እኩል ካልሆኑ ደግሞ መቀየር ነው። በረቂቃችን ከሁሉ በፊት የሰፈረው ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁት ሐሳቦች ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ለአንድ ጎን ብቻ የሚበቃ ቦታ ቢገኝ የተከለለው መስመር ለየትኛው ይሰጥ በሚለው ላይ ከባልደረባዬ ጋር ተከራከርን። እርሷ ለሚወጣው ትላለች፦ የሚወርደው ከመኪናው ጋር ተቀራራቢ በሆነ ፍጥነት ስለሚሄድ ሊቀላቀል ይችላል፣ የሚወጣው ግን አይችልም። የብዙ አገር የመንገድ ንድፍ መመሪያም ከእርሷ ጋር ነው። እኔም ተስማማሁ፤ ነገር ግን ለሚወርደው ሲባል የመኪናው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲወሰንና ወሰኑም በምልክት ብቻ ሳይሆን ከፍ ብለው በተሠሩ ዜብራዎች እንዲጠበቅ አስጻፍኩ። በሰሌዳ የተጻፈ ቁጥር በዚህ ከተማ ቁልቁለት ላይ ምን ያህል እንደሚከበር ሾፌሮቹም እኛም እናውቃለን።

ረቡዕ

ዛሬ አግድም ሄድን። ከሜክሲኮ ተነሥተን በለገሃርና በስታዲየም አድርገን መስቀል አደባባይ ደረስን፤ ላብ እንኳ አላስቸገረን። መሀል ከተማውን በምሥራቅና በምዕራብ የሚያቋርጡት መንገዶች ከፍ ዝቅ ቢሉም ዳገት የሚባሉ አይደሉም። የዚህ ጉዞ ፍሬ ነገርም ለእኔ እዚህ ላይ ነው፦ ለአዲስ አበባ የሚበጀው የብስክሌት መረብ በአግድሞሽ መንገዶች ላይ የሚዘረጋ፣ ወደ ላይ የሚወጡትን ደግሞ በጥቂት፣ በደንብ በተከለሉ መስመሮች ብቻ የሚያያይዝ ነው። የታችኛው አግድሞሽ ይህ የሜክሲኮና የመስቀል አደባባይ መንገድ ነው። መካከለኛው ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በአምባሳደርና በፍል ውሃ በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚያደርሰው ነው። የላይኛው ፒያሳንና አራት ኪሎን ያገናኛል።

በታችኛው መንገድ ላይ ከራሳችን በላይ ባቡሩ ይሄዳል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮቹ የሚጋሩት ክፍል በዚህ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከምሥራቅ የመጣውም ከደቡብ የመጣውም ተሳፋሪ ስታዲየም፣ ለገሃር ወይም ሜክሲኮ ላይ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ሰው በእግሩ ይጨርሰዋል፣ ወይም ሌላ ታክሲ ይሰለፋል። ለጋራ ብስክሌት ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። በጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ለገሃር ጣቢያ ሥር ቆመን ከደረጃው የሚወርደውን ሰው አየን። አብዛኛው ቦርሳ በትከሻው፣ አንዳንዱ ምሳ ዕቃ በእጁ ይዟል፤ ሁሉም የሚሄደው ብስክሌት በአሥር ደቂቃ ወደሚያደርሰው ቦታ ነው።

ምሰሶዎቹ ግን ሌላ ነገር አስተማሩን። ከምሰሶው ጀርባ ብቅ የሚል እግረኛን ሾፌር የሚያየው በመጨረሻው ቅጽበት ነው፤ ብስክሌተኛም እንዲሁ ነው። በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች ስለሆኑ፣ ብስክሌተኛውን ለማዳን ሲባል እግረኛውን የሚያጠብብ ንድፍ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ከምሰሶዎቹ አጠገብ ያሉት መሻገሪያዎች ወደ ፊት ወጥተው፣ ጥጋቸው በጠርዝ ድንጋይ ተከቦ፣ መኪናው በዝግታ እንዲዞር ቢደረግ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሐሙስ

ከመስቀል አደባባይ በኢሲኤ፣ በሒልተንና በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ አራት ኪሎ ወጣን። ሰፊና ዛፍ ያለበት መንገድ ነው፤ ዳገቱ ረጅም ቢሆንም ከቸርችል ይልቅ ይታገሳል። አራት ኪሎ አደባባይ ላይ የሚያዝያ 27 ሐውልትን ለመዞር ስንገባ ግን ሁለታችንም ወርደን ብስክሌታችንን እየገፋን በዜብራ ተሻገርን። ብዙ መስመር ያለው አደባባይ ለብስክሌተኛ አይሆንም፤ መስመሩ ከአደባባዩ ውጪ፣ ከእግረኛው መሻገሪያ ጎን መዞር አለበት።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ያለው የብስክሌት መስመር የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር ቀድመው ከተሠሩት መካከል ነው። ከመኪናው መንገድ ከፍ ብሎ፣ ከእግረኛው ጎን ስለተዘረጋ የመኪና ስጋት የለበትም። ምንጣፉም ልስልስ ነው። እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወርደን ከዚያ ወደ ፒያሳ ስንወጣ በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ሆነን አወራን። ነገር ግን እግረኛውም መስመሩን ወዶታል። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች፣ ዱላቸውን ተደግፈው የሚሄዱ አዛውንት ሁሉም በላዩ ላይ ነበሩ። ልቆጣ አልቻልኩም። በከተማዋ ከሚደረጉት ዕለታዊ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር ናቸው፤ ለዘመናት ያላገኙትን ልስልስ ወለል ሲያገኙ ቢረግጡት አይገርምም። በቀለም ብቻ የተለየ መስመር አይለይም፤ በሁለቱ መካከል አንድ እርምጃ የምታህል የከፍታ ልዩነት ወይም የአበባ መደብ ያስፈልጋል፣ የእግረኛውም ድርሻ መስፋት አለበት።

ሌላው ጉድለት መጨረሻው ነው። ከአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ወዲያ ማዶ ተሻግረን ወደ ቸርችል ለመታጠፍ ስንፈልግ መስመሩ የትም አልመራንም። ጥሩ መስመርን ከጥሩ መስመር የሚያገናኘው መጋጠሚያ ነው ሰው የሚገጭበት፤ የመስመር ርዝመት በኪሎ ሜትር ሲነገር ያ አይታይም።

ዓርብ

ብስክሌት ሳንነዳ የዋልንበት ቀን ነው፤ ብዙ የተማርንበትም። በስድስት ኪሎ አካባቢ ለሰፈር ልጆች ሳይክል የሚያከራዩ አንድ አባት እንዳሉ ሰምተን ሄድን። ግንብ ተደግፈው ከቆሙት ሳይክሎች ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የአንዱን ካቴና በዘይት ጨርቅ ያብሱ ነበር። ሰላምታ ሰጥተን አጠገባቸው ተቀመጥን፤ የመጣንበትን ስንነግራቸው ሣቁ።

«ልጆቼ፣ እናንተ አዲስ ነገር የምትሉት ይኸው እኔ ስሠራው አርጅቻለሁ» አሉን።

እውነታቸውን ነው። በግማሽ ሰዓትና በሰዓት ማከራየት፣ መያዣ መቀበል፣ ጎማ ነፍቶ መጠበቅ፣ የዘገየውን ማስከፈል፤ የጋራ ብስክሌት አገልግሎት ከዚህ የተለየ ምን አለው? የአውሮፓው ታሪክም የመያዣ ታሪክ ነው። አምስተርዳም ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ነጭ የተቀቡ ብስክሌቶች ያለ ቁልፍና ያለ መያዣ ጎዳና ላይ ተለቀቁ፤ አልዘለቁም። ኮፐንሃገን በ1995 ሳንቲም የሚያስገቡበትን መቆለፊያ አመጣች፤ ሊዮን በ2005 ተጠቃሚውን በካርድ ለይቶ የሚያውቅ ሥርዓት ዘረጋች፤ ፓሪስ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለች። የእኛ አባት መያዣ የቀበሌ መታወቂያ ነው፤ ለሚያውቁት ልጅ ደግሞ የእናቱ ስም ይበቃል። ዛሬ ፋይዳና ቴሌብር ባሉበት ከተማ ማን ወሰደ፣ ስንት ከፈለ የሚለው ጥያቄ ከባዱ ክፍል አይደለም።

ከባዱን እርሳቸው ነገሩን። «ወደ ጃንሜዳ የሚወስዱት ሰላም ናቸው። ወደ አራት ኪሎ የሚወርዱት ናቸው የሚያስቸግሩኝ። ሲወርዱ ይበራሉ፤ ሲመለሱ ይገፋሉ። ሰዓቱ ያልፋል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ ጋሼ?» አለች ባልደረባዬ።

«ምን አደርጋለሁ፤ ገፍቶ ለመጣ ልጅ እተውለታለሁ። እዚያ ታች ጥሎት ቢመጣ ወርጄ የማመጣው እኔ አይደለሁም?»

የፓሪሱ የጋራ ብስክሌት አገልግሎት፣ ቬሊብ፣ ለዚህ ችግር ያገኘው መላ ከእርሳቸው ጋር አንድ ነው፤ ከፍታ ላይ ወዳሉ ጣቢያዎች ብስክሌት ለመለሰ ደንበኛ የ15 ደቂቃ ነፃ ጊዜ ይሰጥ ነበር። ያ ባይሆን ኖሮ ሰው በብስክሌት እየወረደ በሌላ ትራንስፖርት ይመለስና ላይኛዎቹ ጣቢያዎች ባዶ፣ ታችኞቹ ሙሉ ይሆናሉ፤ ከዚያ ቀሪው ሥራ በመኪና ጭኖ ማውጣት ነው። ለፒያሳና ለገሃር ይህን ብናስብ፣ ጠዋት የወረደው ብስክሌት ሁሉ ማታ ለገሃር ላይ ተከምሮ ያድራል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጻፍን፦ ወደ ላይ ለሚመልስ የጊዜ ወይም የገንዘብ ምርቃት ይሰጥ፣ ሽቅብ መስመሮቹን የሚያገለግሉት ብስክሌቶች ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚታገዙ ይሁኑ። ለታችኛው አግድሞሽ ተራው ብስክሌት ይበቃል፤ ጥገናውም ይረክሳል፣ ጎሚስታው ሁሉ ያውቀዋል።

ስንነሣ አንዲት ወጣት ሳይክል ልትከራይ መጥታ ቀሚሷን እየሰበሰበች ስትቸገር አየን። አባትየው ሳይናገሩ ከግንቡ ጥግ አንዱን ነጥለው አቀረቡላት፤ መካከለኛው ብረት ዝቅ ያለ፣ ካቴናው በቆርቆሮ የተሸፈነ ነበር። ባልደረባዬ ወዲያው ማስታወሻዋን አወጣች። ነጠላና ቀሚስ በሚለበስበት አገር ካቴናው ያልተሸፈነ ብስክሌት ማቅረብ ግማሹን ተጠቃሚ በር ላይ መመለስ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋቱን ጣቢያ የሚሆኑ ቦታዎችን ስንመርጥ ዋልን። በዚህ ሥራ የተለመደው ስሌት በጣቢያዎች መካከል 300 ሜትር ያህል መኖር አለበት ይላል፤ ከዚያ ከራቀ ሰው ፍለጋውን ትቶ በእግሩ ይሄዳል። የመቆለፊያ ቦታዎቹም ከብስክሌቶቹ ቁጥር እጥፍ ያህል መሆን አለባቸው፤ የደረሰ ሰው ማቆሚያ አጥቶ እንዳይዞር ነው። ያለ ጣቢያ የትም የሚቆም ብስክሌት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ የቻይና ከተሞች ያን ሞክረው የእግረኛ መንገዳቸው በብስክሌት ክምር ተዘግቶ ነበር። ሊስትሮው፣ ጋዜጣ አዟሪው፣ ታክሲ ጠባቂው ሁሉ በእግረኛ መንገድ በሚኖርበት መሀል ከተማ እኔ አልሞክረውም። ጣቢያው መቀመጥ ያለበት መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ ነው፤ የአንድ መኪና ቦታ ወደ አሥር የሚጠጋ ብስክሌት ይይዛል።

እሑድ

ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ነው ብዙ የከተማዋ ነዋሪ አስፋልት ላይ ብስክሌት ሲነዳ የታየው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አጽድቃለች፣ በአገር ደረጃም ተመሳሳይ ሰነድ ተከትሏል። ዛሬ የመጣነው የሰነዱን ቋንቋ ካየነው ጋር ለማስተያየት ስለሆነ፣ ከቅዳሴ በኋላ መኪና በቀነሰበት ሰዓት ሦስቱንም አግድሞሾች በአንድ ጠዋት ዞርናቸው። መካከለኛው፣ በፍል ውሃ የሚያልፈው፣ ከሁሉ ጸጥ ያለና ጠባብ ነው፤ እዚያ ላይ የተለየ መስመር ሳይሠራ የመኪናን ፍጥነት መቀነስ ብቻ ይበቃል ብለን ጻፍን። ታችኛው ቦታ ስላለው ሁለት ሜትር ስፋት ያለው፣ በሁለቱም ጎን በጠርዝ ድንጋይ የተከለለ መስመር ይፈልጋል፤ መስመሩም ፌርማታ ላይ ሲደርስ በተሳፋሪው ፊት ሳይሆን ከፌርማታው ጀርባ መዞር ይኖርበታል። ላይኛው የሚጎድለው መጋጠሚያዎቹ ናቸው።

ያልተስማማንበት አንድ ነጥብ ቀርቷል። እኔ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ጣቢያ ይኑር እላለሁ፤ ከታች የመጣ ሰው ዳገቱ ሲበረታበት ብስክሌቱን እዚያ አስረክቦ በእግሩ ይቀጥል። ባልደረባዬ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ የሚያስወርድ ጣቢያ ማዘጋጃ ቤት ያለውን ባዶ ያደርገዋል ትላለች። የሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት አንድ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ተውሰን፣ ቦርሳ ጭነን፣ ከለገሃር ጀምሮ ያለማቋረጥ ወጥተን ካየነው በኋላ ነጥቡ በረቂቁ ውስጥ ይገባል ወይም ይወጣል።